ባህላዊ ቀስት

ባህላዊ ቀስት ከእንጨት፣ ከቀርከሃ፣ ከቀንድ፣ ከጅማትና ከመሳሰሉት የተፈጥሮ ነገሮች የሚሠራ፣ በተወጠረ አውታር ፍላጻን የሚያስፈነጥር የአደንና የጦር መሣሪያ ነው። ከዋናው የአውስትራልያ ምድር በስተቀር የሰው ልጅ በሠፈረባቸው አህጉራት ሁሉ ለብዙ ሺህ ዓመታት አገልግሏል። የአሠራሩ መሠረት በየትም ቦታ አንድ ነው፤ ርዝመቱ፣ ቅርጹ፣ የተሠራበት ነገርና የአያያዙ ስልት ግን ከሕዝብ ሕዝብ በእጅጉ ይለያያል።

ስለ ጥንታዊ ቀስቶች በሚነገርበት ቦታ ሁሉ «የእንግሊዙ ይበልጣል ወይስ የሞንጎሉ?» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ክርክሩ ቀስቱን ብቻውን ስለሚያይ ብዙ ርቀት አይወስድም። አንድ ቀስት የአገሩን ዛፍና አየር ይከተላል፤ ተጠቃሚው እግረኛ ነው ወይስ ፈረሰኛ፣ የሚነድፈው ጥሩር የለበሰ ወታደር ነው ወይስ ሚዳቋ የሚለውም መልኩን ይወስነዋል። በዚያ ላይ ጥሩ ቀስት በወራት፣ ቢበዛ በአንድ ሁለት ዓመት ይሠራል፤ ጥሩ ቀስተኛ ግን ከልጅነት ጀምሮ ካልተያዘ አይገኝም። የቀስት ታሪክ በአመዛኙ ሕዝቦች ቀስተኛን እንዴት እንዳሳደጉና መቼ ማሳደግ እንዳቆሙ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜ

«ቀስት» ከግዕዝ የመጣ ቃል ሲሆን ከዕብራይስጡ «ቄሼት» እና ከዓረብኛው «ቀውስ» ጋር ዝምድና አለው። በዛሬው አማርኛ ቃሉ አንዳንዴ መሣሪያውን፣ አንዳንዴ ደግሞ የሚወረወረውን ስለሚያመለክት («ቀስት ወረወረ» እንደሚባለው)፣ እዚህ ላይ ለተወርዋሪው «ፍላጻ» የሚለው ቃል ብቻ ተወስዷል። «ደጋን» ደግሞ የጎበጠውን እንጨት ያመለክታል። ጥጥ የሚነደፍበትና መሰንቆ የሚመታበት ጎባጣ ዕቃም በዚሁ ስም ይጠራል። «ነደፈ» የሚለው ግስ በግዕዝ በፍላጻ መውጋት ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥጥ የምትነድፍ ሴት የደጋኗን አውታር እያርገበገበች ጥጡን ስታፍታታ መሣሪያውም ግሱም ከቀስተኛው የተወረሱ ናቸው። ዝናብ ሲያባራ የሚታየው ቀስተ ደመናም ስሙን ያገኘው ከቅርጹ ነው።

አሠራር

ቀስት ጉልበት ማጠራቀሚያ ነው። የሰው ክንድ ድንጋይ ወይም ጦር ሲወረውር የፍጥነቱ ወሰን የክንዱ ፍጥነት ነው። ቀስተኛ ግን አውታሩን ቀስ ብሎ በጀርባውና በትከሻው ጡንቻ ይስባል፤ ጉልበቱ በጎበጠው እንጨት ውስጥ ይከማችና ሲለቀቅ በቅጽበት ወደ ፍላጻው ይተላለፋል። የጦር ቀስት ፍላጻ በሴኮንድ 50 ሜትር ገደማ ይበራል፤ ይህን በክንድ የሚወረውር ሰው የለም።

እንጨቱ ሲጎብጥ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይደርሱበታል። ወደ ዒላማው የሚያየው ገጽ፣ ማለትም «ጀርባው»፣ ይለጠጣል፤ ወደ ቀስተኛው የሚያየው «ሆዱ» ደግሞ ይጨመቃል። ብዙ እንጨት አንዱን ቢችል ሌላውን አይችልም፤ ወይ ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ወይ ሆዱ ተጨማዶ ቀስቱ እንደጎበጠ ይቀራል። በየአገሩ የቀስት ሠሪው ትልቁ ሥራ ይህን ችግር መፍታት ነው። አንዱ መፍትሔ ቀስቱን ማርዘም ነው፤ ረጅም እንጨት ለተመሳሳይ ርቀት ቢሳብም በየቦታው የሚጎብጠው በጥቂቱ ነው። ሌላው መፍትሔ መለጠጥን የሚችል ነገር ከጀርባ፣ መጨመቅን የሚችል ነገር ከሆድ መለጠፍ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀስቶች ከሞላ ጎደል ከነዚህ ከሁለቱ መንገዶች አንዱን የተከተሉ ናቸው።

የቀስት ብርታት የሚለካው አውታሩን እስከ መጨረሻ ለመሳብ በሚጠይቀው ክብደት ነው፤ ይህም «የመሳቢያ ክብደት» ይባላል። ከባድ ቀስት የግድ የተሻለ ቀስት አይደለም። ሊስበው የሚችል ሰው ከሌለ የማገዶ ያህል ነው።

ጥንታዊ ማስረጃዎች

እንጨትና አውታር ስለሚበሰብሱ የቀስት አመጣጥ የሚጠናው በአብዛኛው ከድንጋይ ጫፎች ነው። በደቡብ አፍሪካ ሲቡዱ በተባለው ዋሻ የተገኙ ከ60,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ትናንሽ ጫፎች የፍላጻ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። በዴንማርክ ሆልመጎር በተባለ ረግረግ የተገኙት ከኤልም እንጨት የተቀረጹ ቀስቶች ደግሞ 9,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ቅርጻቸው የታሰበበት በመሆኑ ዛሬም ቀስት ሠሪዎች እነርሱን እያዩ ይቀርጻሉ።

በ1991 በኢጣልያና በኦስትሪያ ድንበር ላይ ከበረዶ ውስጥ የወጣው «ኤትሲ» የተባለው ሰው 5,300 ዓመት ገደማ ተቀብሮ የቆየ ነው። አጠገቡ 1.82 ሜትር ርዝመት ያለው ተቀርጾ ያላለቀ ቀስትና 14 ፍላጻዎች የያዘ አፎት ተገኝቷል፤ ከፍላጻዎቹ የተጠናቀቁት 2 ብቻ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ በራጅ ሲመረመር በግራ ትከሻው ውስጥ የድንጋይ የፍላጻ ጫፍ ታየ። ቀስቱን ሠርቶ ሳይጨርስ በሌላ ሰው ቀስት የሞተ ሰው ነው።

የኑቢያና የኩሽ ቀስተኞች

የጥንት ግብፃውያን ከአስዋን በስተደቡብ ያለውን አገር «ታ-ሴቲ» ይሉት ነበር፤ ትርጉሙ «የቀስት ምድር» ማለት ነው። ኑቢያውያን ቀስተኞች በግብፅ ሠራዊት ውስጥ በቅጥር ያገለግሉ ነበር። በአስዩት ከመሰህቲ መቃብር የወጣው፣ 4,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የእንጨት ቅርጽ 40 ኑቢያውያን ቀስትና ፍላጻ በእጃቸው ይዘው በአራት ረድፍ ሲሄዱ ያሳያል። ከተመሳሳይ መቃብር የወጡት 40 ግብፃውያን ግን ጦርና ጋሻ የያዙ ናቸው። የመቃብሩ ባለቤት የትኛውን ሥራ ለማን እንደሚሰጥ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ግሪካዊው ሄሮዶቱስ በ5ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለ «ኢትዮጵያውያን» ቀስት ሁለት ጊዜ ጽፏል። በእርሱ ዘመን ይህ ስም በዋነኛነት ከግብፅ በስተደቡብ በዓባይ ዳር የሚኖሩትን፣ ማለትም የዛሬዋን ሱዳን የኩሽ ሕዝብ እንጂ የዛሬዋን ኢትዮጵያ ብቻ አያመለክትም። በፋርስ ሠራዊት ውስጥ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ከዘንባባ የተሠራና ከአራት ክንድ የማያንስ ቀስት፣ ጫፉ ድንጋይ የሆነ አጭር የሸምበቆ ፍላጻ ይይዙ እንደነበር ይናገራል።

ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ የሚያስተምር ነው። የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሲስ ሰላዮችን በስጦታ ስም ወደ ደቡብ ላከ። የኢትዮጵያውያኑ ንጉሥ ነገሩ ገብቶት ትልቅ ቀስት ሰጣቸውና፣ ፋርሶች ይህን የሚያህል ቀስት እንዲህ በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ብቻ ሊወጉት እንዲመጡ ላከባቸው። ሄሮዶቱስ እንደሚለው ከፋርሶች መካከል የካምቢሲስ ወንድም ስሜርዲስ ብቻ ሁለት ጣት ያህል ሊስበው ቻለ፤ ሌላ ማንም አልቻለም። ታሪኩ አፈ ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ ፋርሶች ደግሞ ራሳቸው የታወቁ ቀስተኞች ነበሩ። ቁም ነገሩ ግን ቀስቱ እጃቸው ከገባ በኋላም ምንም አለመጥቀሙ ነው።

በኩሽ ነገሥታት መቃብሮች ውስጥ የድንጋይ የአውራ ጣት ቀለበቶች ተገኝተዋል። ይህም አውታሩን በአውራ ጣት የመሳብ ስልት በዓባይ ሸለቆም የታወቀ እንደነበር ያመለክታል። ኑቢያ ክርስቲያን ከሆነች በኋላ፣ በ7ኛው መቶ ዘመን ከግብፅ የመጣው የዓረቦች ጦር ዶንጎላን ለመያዝ ሲሞክር ቀስተኞቹ ወታደሮቹን ዓይን ዓይናቸውን እየነደፉ አስቸገሯቸው። የዓረብ ጸሐፊዎች «ሩማት አል-ሐደቅ»፣ ማለትም የዓይን ብሌን ነዳፊዎች አሏቸው። ፍጻሜው «ባቅት» የተባለው ስምምነት ሲሆን በሁለቱ ወገኖች መካከል ለብዙ መቶ ዓመታት የጸና ግንኙነት ሆነ። በዚያ ዘመን ከግብፅ እስከ ፋርስ የተስፋፋ ኃይል በቀስተኞች ፊት ቆሞ ወደ ድርድር መሄዱ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ታሪክ ነው።

ድብልቅ ቀስት

ድብልቅ ቀስት ከእንጨት፣ ከቀንድና ከጅማት በአንድ ላይ ተጣብቆ የሚሠራ ነው። መሐል ላይ ቀጭን እንጨት አለ። በሆዱ በኩል ቀንድ ይለጠፋል፤ በተለይ የጎሽ ቀንድ መጨመቅን ከእንጨት ይልቅ አብልጦ ይችላል። በጀርባው በኩል ደግሞ የእንስሳ ጅማት ተቀጥቅጦና ተበጥሮ በሙጫ ተነክሮ ይነባበራል፤ ጅማት ብዙ ተለጥጦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሙጫው ከጅማት፣ ከቆዳ ወይም ከዓሣ የአየር ከረጢት ተቀቅሎ ይወጣል።

እንዲህ የተሠራ ቀስት አውታሩ ሲፈታ ወደ ፊት ተቀልብሶ ክብ ሊሠራ ይደርሳል። አውታር ለማስገባት በተቃራኒው አቅጣጫ መገልበጥ ስለሚያስፈልግ ገና ሳይሳብ ብዙ ጉልበት በውስጡ ታምቋል። በዚህም የተነሣ አንድ ሜትር ከሩብ የማይሞላ ቀስት ከሁለት ሜትር እንጨት ጋር የሚስተካከል ጉልበት ይሰጣል፤ ፈረሰኛም ከፈረሱ አንገት በላይ በቀላሉ ከቀኝ ወደ ግራ ያዞረዋል።

ጉድለቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ ሙጫው በዝግታ ካልደረቀ ቀስቱ ስለሚከዳ የኦቶማን ቀስት ሠሪዎች አንዱን ለመጨረስ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስድባቸው ነበር። ሁለተኛው እርጥበት ነው። ሙጫው ውኃ ስለሚጠጣ በቆዳ ወይም በዛፍ ልጥ ይጠቀለል ነበር፤ ያም ሆኖ ዝናብ በሚበዛበት አገር አስተማማኝ አይደለም። ድብልቅ ቀስት በደረቁ የእስያ ሜዳ፣ በፋርስ፣ በቱርክና በዓረብ አገር ሲነግሥ በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ሥር ያልሰደደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አውሮፓውያን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም።

ወደ ግብፅ የገባው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ሺህ ዓመት ሲሆን በ1922 በተከፈተው የቱታንኻሙን መቃብር ውስጥ ብዙ ድብልቅ ቀስቶች ተገኝተዋል። በጦርነት ውስጥ ያለው ኃይል ጎልቶ የታየው ግን በፈረስ ላይ ነው። በ53 ከክርስቶስ ልደት በፊት የሮማው ክራሱስ በመጽሐፍ ቅዱስ «ካራን» በተባለችው ከተማ አጠገብ ከጳርቴ ፈረሰኞች ጋር ገጠመ። ሮማውያን ፍላጻው ያልቃል ብለው ጋሻ ለጋሻ ገጥመው ጠበቁ፤ ጳርቴዎች ግን ፍላጻ የተጫኑ ግመሎች አስከትለው ስለነበር እየተመላለሱ አፎታቸውን ሞሉ። ሲሸሹም ወደ ኋላ ዞረው ይነድፉ ነበር። ክራሱስ ሞተ፤ አብዛኛው ሠራዊቱም ተገደለ ወይም ተማረከ።

የእስያ ሜዳ ፈረሰኛ ሥልጠና አልተሰጠውም ማለት ይቻላል፤ አኗኗሩ ራሱ ሥልጠና ነበርና። ልጅ ከመራመድ ብዙም ሳይቆይ ኮርቻ ላይ ይወጣል፣ በትንሽ ቀስት ወፍና ጥንቸል እየነደፈ ያድጋል። የ13ኛው መቶ ዘመን ሞንጎሎች ለዘመቻ የሚጠሩት እረኞችን ነበር፤ እያንዳንዱ እረኛ ግን ያደገ ቀስተኛ ነበር። በ1220ዎቹ የተቀረጸውና ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ የሚገኘው የይሱንጌ ድንጋይ፣ የጄንጊስ ካን የወንድም ልጅ የሆነው ይሱንጌ 335 ጊዜ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች ያህል ርቀት፣ ማለትም ከ500 ሜትር በላይ እንደወረወረ ይመሰክራል። ድንጋዩ በሞንጎል ፊደል ከተጻፉት ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ ነው።

ኦቶማኖች ርቀትን ራሱን የቻለ ስፖርት አደረጉት። በኢስታንቡል «ኦክመይዳኒ» (የፍላጻ ሜዳ) በተባለው ቦታ የወደቀበትን ርቀት የሚያመለክቱ ድንጋዮች ይተከሉ ነበር፤ ከ800 ሜትር በላይ የተመዘገቡም አሉ። እነዚህ ግን በጣም ቀላል በሆኑ ልዩ ፍላጻዎች የተገኙ ናቸውና ከጦር ሜዳ ርቀት ጋር መምታታት የለባቸውም። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የቱርክ ኤምባሲ ጸሐፊ የነበረው ማሕሙድ ኤፌንዲ ለንደን ውስጥ ከ400 ሜትር በላይ ሲወረውር ያዩት እንግሊዛውያን ተደነቁ። አያቶቻቸው በቀስት የታወቁ ቢሆኑም ከመካከላቸው ያን ቀስት አሟልቶ የሚስብ አልነበረም።

የእንግሊዝ ረጅም ቀስት

የእንግሊዝ ቀስት ከአንድ እንጨት ተፈልጦ የሚቀረጽ ነው። ዛፉ «ዩ» የሚባል፣ መርፌ ቅጠል ያለው ዛፍ ሲሆን የተለየ ጸባይ አለው። ነጣ ያለው የውጪው እንጨት መለጠጥን፣ ቀላ ያለው የውስጡ እንጨት መጨመቅን ይችላል። ሠሪው ሁለቱ እንዲገናኙ አድርጎ ከፈለጠው ዛፉ ያለ ሙጫ «ድብልቅ ቀስት» ይሆንለታል። ምርጡ እንጨት ከአህጉሩ ተራሮች ይመጣ ስለነበር በ1472 የወጣ ሕግ ወደ እንግሊዝ የሚገቡ ነጋዴዎች ከጭናቸው ጋር የቀስት እንጨት እንዲያመጡ ያስገድድ ነበር።

ስለዚህ ቀስት ከሁሉ የበለጠ ያስተማረችው «ሜሪ ሮዝ» የተባለችው የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ ናት። መርከቧ በ1545 ሰጥማ በ1982 ስትወጣ ከ170 የሚበልጡ ቀስቶችና በሺህ የሚቆጠሩ ፍላጻዎች በጭቃው ውስጥ ተጠብቀው ተገኙ። ቀስቶቹ በአብዛኛው ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋሉ፤ የመሳቢያ ክብደታቸውም ከ45 እስከ 80 ኪሎ ግራም እንደሚሆን ተገምቷል። በዛሬው ጊዜ በኦሊምፒክ የሚወዳደር ወንድ የሚስበው ከ20 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም። ከቀስቶቹ ጋር የተገኙት ዐፅሞችም የራሳቸውን ነገር ተናገሩ። በአንዳንዶቹ ላይ ከልጅነት ጀምሮ በከባድ መሳብ የመጣ የሚመስል የትከሻና የአከርካሪ ለውጥ ታይቷል። ቀስቱ አጥንታቸው ላይ ጽፎ ነበር ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለ ሰው በአዋጅ ብቻ አይፈጠርም፤ የእንግሊዝ ነገሥታት ግን በአዋጅም ሞክረዋል። በ1363 ኤድዋርድ 3ኛ ጤነኛ ወንድ ሁሉ በበዓላት ቀን ቀስት እንዲለማመድ፣ እግር ኳስንና መሰል ጨዋታዎችን እንዲተው አዘዘ። ጳጳሱ ሂው ላቲመር በ1549 በንጉሡ ፊት ሲሰብክ አባቱ ቀስት እንዴት እንዳስተማረው ተርኳል፤ ዕድሜውና ጉልበቱ በጨመረ ቁጥር ከበድ ያለ ቀስት ይገዛለት፣ በክንዱ ብቻ ሳይሆን መላ ሰውነቱን እየጣለ እንዲስብ ያሳየው ነበር። ላቲመር ይህን የተናገረው ልማዱ እየቀረ መሄዱ አሳስቦት ነው።

በክሬሲ (1346) እና በአዠንኩር (1415) የተገኙት ድሎች ብዙ ተጽፎባቸዋል። በሁለቱም ቦታ ቀስተኞቹ ቦታ መርጠውና ተዘጋጅተው ቆመው ጠላት ወደ እነርሱ መጣ። በአዠንኩር ደግሞ የታረሰና በዝናብ የራሰ መሬት ከባድ ብረት የለበሱትን ፈረንሳውያን ያዛቸው። በ1429 በፓቴ ቀስተኞቹ ሳይዘጋጁ የፈረንሳይ ፈረሰኛ ሲደርስባቸው ግን ጥቂት ጊዜ እንኳ ሳይቆዩ ተበተኑ። ቀስቱም ሰዎቹም ያው ነበሩ።

የጃፓን ዩሚ

የጃፓን ቀስት «ዩሚ» ከሁለት ሜትር ይበልጣል፤ ከቀርከሃና ከእንጨት ቅጥልጥል ተጣብቆ ይሠራል። ልዩ የሚያደርገው መያዣው መሐል ላይ ሳይሆን ከታች ወደ አንድ ሦስተኛው ላይ መሆኑ ነው፤ የላይኛው ክፍል ረጅም፣ የታችኛው አጭር ነው። በፈረስ ላይ እንዲመች ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ቅርጹ ከፈረሰኛነት በፊት የነበረ መሆኑን በማስታወስ ከቀርከሃው ጸባይ ጋር ያያይዙታል።

ዛሬ ሳሙራይ ሲባል ሰይፍ ቢታሰብም የጥንቱ ተዋጊ መንገድ የሚጠራው «የቀስትና የፈረስ መንገድ» ተብሎ ነበር። በኪዮቶ በሳንጁሳንጌን-ዶ ቤተ መቅደስ 120 ሜትር ገደማ በሚረዝመው በረንዳ ላይ፣ ፍላጻን ጣሪያውን ሳይነካ ከዳር እስከ ዳር የማሳለፍ ውድድር ይደረግ ነበር። በ1686 ዋሳ ዳይሃቺሮ የተባለ ወጣት በ24 ሰዓት ውስጥ 13,053 ፍላጻዎች ወርውሮ 8,133ቱን አሳልፏል። ሲካፈል በደቂቃ ከ9 በላይ መሆኑ ነው፤ ያውም ቀንና ሌሊት።

የአውታር አያያዝ

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሞርስ በ1885 ባሳተመው ጥናት በዓለም ላይ ያሉትን የአውታር አያያዞች በአምስት ከፍሏቸዋል። ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። ቀላሉ የፍላጻውን ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጦ መሳብ ነው። ልጆች ሳይማሩ የሚይዙት እንዲህ ነው፤ ከባድ ቀስት ግን አይስብም። ሁለተኛው ከሌባ ጣት ጀምሮ ሦስት ጣቶችን አውታሩ ላይ ማጠፍ ሲሆን በአውሮፓ የተለመደው ይኸው ነው። ሦስተኛው አውራ ጣትን አውታሩ ላይ ጠቅልሎ በሌባ ጣት መቆለፍ ነው፤ ሞንጎሎች፣ ቱርኮች፣ ቻይናውያንና ኮርያውያን ይህን ይከተላሉ። ጣቱ እንዳይቆረጥ ከቀንድ፣ ከአጥንት ወይም ከድንጋይ የተሠራ ቀለበት ይደረጋል፤ በጃፓን በቀለበቱ ፈንታ ጠንካራ ጓንት አለ።

ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሌላውን ሁሉ ይለውጣል። በአጭር ቀስት ላይ አውታሩ ሲሳብ ሹል ማዕዘን ስለሚሠራ ሦስት ጣት ይቆነጠጣል፤ አንድ አውራ ጣት ግን ይስማማዋል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ቀስተኛ በሦስት ጣት ሲስብ ፍላጻውን ከቀስቱ በስተግራ፣ በአውራ ጣት ሲስብ ደግሞ በስተቀኝ ያስቀምጣል። ፊልም ሠሪዎች ይህን ብዙ ጊዜ ያሳስቱታል፤ የሞንጎል ልብስ የለበሰ ተዋናይ እንደ እንግሊዝ ሲስብ ማየት የተለመደ ነው።

ቀላል ቀስትና መርዝ

በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ያሉ አንዳንድ አዳኞች ቀስቶች ቀላል በመሆናቸው የድሮ ተጓዦች «ኋላ ቀር» እያሉ ጽፈውባቸዋል። የካላሃሪ ሳን አዳኞች ቀስት የመሳቢያ ክብደት ከ10 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም። የሚገድለው ግን ጉልበቱ አይደለም። ፍላጻው ከአንድ ዓይነት ጢንዚዛ እጭ የተጨመቀ መርዝ የተቀባ ስለሆነ ቆዳን መብሳቱ ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የአዳኙ ሙያ ዱካ መከተል ነው፤ ይህም ሰዓታት አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። እንዲህ ላለ አደን ጫጫታ የሌለው፣ ቀላልና በቁጥቋጦ ውስጥ የማይያዝ ቀስት ከእንግሊዙ ረጅም ቀስት ይሻላል።

በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀው የፍላጻ መርዝ በአማርኛ «ምረንዝ» ከሚባለው ዛፍና ከዘመዶቹ የሚወጣ ነው። ልብን የሚያቆመው «ዋባይን» የተባለው ንጥረ ነገር ስሙን ያገኘው «ዋባዮ» ከሚለው የሶማልኛ ቃል ሲሆን በሕክምና ምርምር ውስጥም ትልቅ ቦታ አለው። ሁሉም የአካባቢው ቀስት ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። በኬንያ ጻቮ አካባቢ የሚኖሩትና ከኦሮምኛ የሚመደብ ቋንቋ የሚናገሩት ዋታዎች ዝሆን የሚያድኑበት ቀስት ከ45 ኪሎ ግራም በላይ የሚስብ ነበር፤ በዚያም ላይ መርዝ ነበረው። በኢትዮጵያ ደጋ ዋናዎቹ መሣሪያዎች ጦር፣ ጋሻና ጎራዴ ሲሆኑ ቀስት ይበልጥ የሚታወቀው በምዕራብ ቆላ፣ ለምሳሌ በጉሙዝ ሕዝብ ዘንድ ነው።

ቀስትና ጠመንጃ

ጠመንጃ ቀስትን ያሸነፈው ፈጣን ወይም አነጣጣሪ ስለነበር አይደለም። የ16ኛው መቶ ዘመን ጠመንጃ ለመጉረስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ ዝናብ ያበላሸዋል፣ ከሩቅም ይስታል። ጥሩርን መብሳቱ ትልቅ ብልጫው ነበር። ሌላው ብልጫው ማንም ሰው በጥቂት ሳምንታት ተምሮ መቆም መቻሉ ነው። አንድ ንጉሥ ዘንድሮ ሺህ ቀስተኛ ቢሞትበት የሚተካው ከ15 ዓመት በኋላ ነው፤ ሺህ ጠመንጃ ያዥ ቢሞትበት ግን ለሚቀጥለው በጋ ይደርስለታል። ቀስተኛ ደግሞ በዘመቻ ሲራብና ሲታመም ቀስቱን መሳብ ያቅተዋል፤ ባሩድ ግን የተኳሹን ረሀብ አያውቅም።

በእንግሊዝ ነገሩ በጽሑፍ ሙግት ሆኖ ነበር። ሰር ጆን ስማይዝ በ1590 ባሳተመው መጽሐፍ ለቀስት ሲከራከር፣ ሃምፍሪ ባርዊክ የተባለ ወታደር ለጠመንጃ ወግኖ መለሰለት። በቻይና የቺንግ ሥርወ መንግሥት የጦር መኮንኖችን በቀስት መፈተኑን እስከ 1901 ቀጥሎበታል። በ1776 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለአሜሪካ ነጻነት የሚዋጋው ጦር ቀስት እንዲይዝ በደብዳቤ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ባሩድ እጥረት ስለነበር ሐሳቡ በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ ቀስቱን የሚስቡት ሰዎች ግን በዚያን ጊዜ የሉም።

እውቀቱ በአንድ ሰው እጅ ሲቀር የሆነውን የሚያሳየው ኢሺ የተባለው የካሊፎርንያ ተወላጅ ታሪክ ነው። ሕዝቡ የሆኑት ያሂዎች በሠፋሪዎች ጭፍጨፋና በረሀብ ካለቁ በኋላ በ1911 ብቻውን ከጫካ ወጣ። ሳክስተን ፖፕ የተባለ ሐኪም ወዳጁ ሆነና ከጥድ ዘር እንጨት ቀስት መቅረጽን፣ ጀርባውን በጅማት ማልበስን፣ ድንጋይ ጠርቦ ጫፍ ማውጣትንና አድብቶ መጠጋትን ተማረ። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በአሜሪካ ዛሬ በቀስት የሚያድኑ ብዙዎች የሙያቸውን መነሻ ፖፕ በ1923 ካሳተመው መጽሐፍ ይቆጥራሉ፤ በዚያም በኩል ወደ ኢሺ ይደርሳል።

በአሁኑ ጊዜ

የቀስት ውድድር በ1972 ወደ ኦሊምፒክ ተመልሷል። በዚያ የሚታየው ቀስት ከብረትና ከካርቦን የተሠራ፣ ማነጣጠሪያና ማረጋጊያ ያለው ነው። ያም ሆኖ ልማዱ በቆየባቸው አገሮች ውጤቱ ይታያል፤ የኮርያ ሴቶች ቡድን ከ1988 እስከ 2024 በእያንዳንዱ ኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። በኮርያ የቀንድ ቀስት አሁንም ይሠራል፤ ዒላማው የሚቆመው 145 ሜትር ርቀት ላይ ነው። በቡታን ቀስት ብሔራዊ ስፖርት ሲሆን ቡድኖች ከተመሳሳይ ርቀት እየተወዳደሩ ለተቃራኒው ወገን ይዘፍናሉ፣ ያሾፋሉም። የቱርክ ባህላዊ ቀስት በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ቀስት ዛሬም የዕለት ጉርስ ማግኛ ከሆነባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ በታንዛኒያ የኤያሲ ሐይቅ አካባቢ ነው። በዚያ የሚኖሩት ሐድዛዎች ወፍ፣ ሚዳቋና ሌላም እንስሳ በቀስት ያድናሉ፤ ለትልልቆቹ «የበረሃ ጽጌረዳ» ከሚባለው ተክል የሚወጣ መርዝ ይቀባሉ። ወንድ ልጅ የመጀመሪያውን ትንሽ ቀስት የሚይዘው ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ እያደገ ሲሄድም ቀስቱ አብሮት ይለወጣል።